ከጉድጓዱ በላይ ያለን ሰዎች

ውድ ኦቦ ባጫ፣

አካም ጅርቱ? ፌኔትና ልጆቿስ እንዴት ናቸው? እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጨምር ዛሬ የምጽፍልዎ ነገር አይፈቅድልኝም። አለን።

ባለፈው ሳምንት ባለ ሚኒባሱ ከድሩ ባዶውን ጀሪካን ሲመልስልኝ መልእክትዎንም አደረሰኝ። «አንድ ጊዜ ተጎነጩለትና ብርጭቆውን አስቀመጡት። ከዚያ ‹ሰናይትን፣ የማንን ውኃ ነው የላክሽልኝ በላት› አሉኝ» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ከሰበታ ተፍኪ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውል ሰው የሚስቅበት ነገር ቢያገኝ አይፈረድበትም። እኔ ግን ጀሪካኑን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ተፍኪ ፌኔት ቤት ከገቡ ጀምሮ ከጉድጓድዎ ውኃ የምልክልዎ ጀሪካን ያው ቢጫው ነው፣ ክዳኑ ሥር የማደርገው ላስቲክም ያው ነው፤ አይለዩትም ብዬ ነበር። የእርስዎን ምላስ ንቄው ነበር ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። በስልክ እንዳልነግርዎ የስልክ ጠባይዎን እርስዎም ያውቁታል። «አሎ፣ ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱ ደህና ነው?» ይሉኝና ከብት እንደሌለኝ ሳልነግርዎ ይዘጉታል። ስለዚህ ፌኔት ታንብብልዎ። ፌኔትዬ፣ አደራሽን፣ አባትሽን ያሳዝናል ብለሽ የምትዘዪው መስመር እንዳይኖር። እኔ ስጽፈው ደክሞኛል፤ አንቺም ስታነቢው ትንሽ ድከሚልኝ።

ውኃው ከእርስዎ ጉድጓድ አልተቀዳም። ታች አስፋልቱ ዳር ካለው ቦኖ ተሰልፌ ቀድቼ፣ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የላክሁልዎ። የእርስዎ ጉድጓድ ተበክሏል፣ ኦቦ ባጫ። ከዚያ የተቀዳ ውኃ እንኳን ለታመመ ለጤነኛም አይሆንም። የበከልነው ደግሞ እኛው ነን።

 

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን የመጣን ቀን ያስታውሱ ይሆን? ቤቱ ጣሪያ እንጂ በር አልነበረውም። ልጆቼ በጥማት ያለቅሳሉ፣ ሹፌሩ ቶሎ አውርዱ ይላል፣ እኔ ውኃ ከየት እንደሚገኝ አላውቅም። እርስዎ ከታች ከማሳዎ ሆነው አዩንና «ኮቱ፣ ቢሻን ዱጊ» አሉኝ። «ነይ፣ ውኃ ጠጪ» ማለትዎ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ወደ ጉድጓዱ ያመለከቱበት እጅዎ ነው የገባኝ። ከመኪና ጎማ በተሠራችው መቅጃ አወጡና መጀመሪያ ለልጆቹ፣ ከዚያ ለሹፌሩ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡን። እኔ ጨዋ ለመምሰል ስሜን ስነግርዎ «ውኃ የጠማው ሰው ማነህ አይባልም፤ ስምሽን ነገ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። ያን ቀን የጠጣሁት ውኃ ጣፋጭ ነበር። አሁንም ጣፋጭ ነው፤ መከራችንም እሱ ነው። መልኩ ቢደፈርስ፣ ሽታው ቢለወጥ ማን ይጠጣው ነበር? እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውኃ የወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት የሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ ወደቁ። ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ። መጀመሪያ ምች ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የክረምት ብርድ ነው ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ አንዷ ሳምቡሳ የምትጠብስ ምስኪን ሴት ዘይቷ ነው ተብላ ሰው ሁሉ ትቷት ከረመ። ውኃውን ማንም አልጠረጠረም። የባጫ ጉድጓድ እኮ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? እንዲያውም ለታመመ ልጅ ከቧንቧው ይልቅ ከጉድጓዱ ስጡት ይባል ነበር። የዘመድዎ የእትዬ ተረፈች የልጅ ልጅ ጂጂ ታይፎይድ ይዟት ሆስፒታል እስክትተኛ ድረስ እንዲህ ሆነን ቆየን።

ያን ጊዜ ነው የጤና ኤክስቴንሽኗ ሩሃማ መጥታ በጠርሙስ ውኃ ወስዳ ያስመረመረችው። ውጤቱን ልትነግረን ባለሱቁ አደም ግቢ ሰበሰበችን። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣነው በአንድ ወገን፣ የእርስዎ ዘመዶች በሌላ ወገን ተቀመጥን። ማንም እንዲህ ተቀመጡ ያለን የለም፤ እንዲያው ሆነ።

«ውኃው ውስጥ ከሰገራ የሚመጣ ጀርም ተገኝቷል» አለች።

አደም ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሰው እንዳይቀየመኝ» አለ፤ እሱ እንዲህ ሲል ሁልጊዜ የሚያስቀይም ነገር ይከተላል። «እዚህ ሰፈር ከብት አለ። ከብት ካለ እበት አለ።»

ተረፈች ከተቀመጡበት ተነሡ። «ከጉድጓዱ በላይ ከብት? ኦቦ ባጫ ካሉ ጀምሮ እዚያ ጥጃ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። አባታቸውም አያወጡም ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው እበት አለ አይበል።»

እውነታቸውን ነው። ከጉድጓዱ በላይ ያለው መሬት ከብት አይረግጠውም፣ አይታረስም፣ ፍግ አይበተንበትም፤ ይህ የእናንተ ሕግ ነበር። እኛ ቤት የሠራነው እዚያ ሕግ ላይ ነው። ከከብት እንሻላለን ብለን ነው መሰለኝ። አንድ ቀን ግንቤን ሳስገነባ መጥተው ቆመው አዩና «ከብቱን ወደ ታች አወረድኩት፤ ሰውን ወዴት ላውርደው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርስዎም አብረውኝ ሳቁ።

ሩሃማ ጭቅጭቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ እኛን ወደ ላይ ያለነውን ዞር ብላ አየችንና «ሽንት ቤታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያስመጠጣችሁት መቼ ነው?» አለች።

ኦቦ ባጫ፣ ያኔ የሆነውን ቢያዩ። ሁላችንም ደስ አለን። የምንኮራበትን ነገር የጠየቀን ሰው አግኝተን ነው። አደም «እኔ? አንድም ቀን። የኔ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም» አለ። «ቆፋሪዎቹ ወለሉን ሲሚንቶ እንምታው ሲሉኝ፣ ተዉት፣ መሬቱ ይጠጣው አልኳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠጣል።» ከእሱ ጎን ያለው ጎረቤታችን የእሱ ከአደም ይልቅ ጥልቅ መሆኑን ተናገረ። ሌላዋ የእህቷን ቤት አነሣች፤ እህቷ ለገጣፎ ናት፣ በየጊዜው መጣጭ መኪና እየጠራች ስትንገበገብ እሷ ግን ተኝታ ታድራለች። እኔም አልቀረሁም። «የኔማ ጠብታ አይታይበትም» አልኩ። እንዲህ እያልን ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው ሞቅ አልን። እርስዎም ያውቁታል፣ እኛ ሰፈር ቤት ሲታይ ሳሎኑ ከታየ በኋላ የሚወደሰው ይኸው ነው፤ የማይሞላ ሽንት ቤት።

ሩሃማ ሁላችንንም አስጨረሰችን።

«እሺ» አለች፤ «ታዲያ የት ሄደ?»

  ከእናንተ ወገን አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ቀስ ብለው አሉ፤ ምን አሉ ብዬ የጠየቅሁት ሰውም አልተረጎመልኝም። የሁላችንም ዓይን ግን ወደ አንድ ቦታ ነበር፤ ቁልቁል፣ ወደ ጉድጓዱ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውም ሲያሻው ነው። ማመልከቻ ጻፍን፣ ፈረምን፣ «እየታየ ነው» ተባልን። እኔ በበኩሌ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ጠራሁ። ቢያንስ ከእንግዲህ የኔ አይወርድ ብዬ ነው። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ወጥቶ ሲያይ ሰውየው ትልቁን ጎማ አስገባ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ጥቂት አስጓራና አጠፋው። «እትዬ፣ እዚህ ጭቃ እንጂ ምንም የለም። ለምን ጠሩኝ?» አለኝ። እኔ ምን ልበለው? ከእኔ ቤት የወጣውን ሲፈልጉ ወደ ታች ይውረዱ ልበለው? ያን ቀን እፍረት ምን እንደሆነ አወቅሁ። ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለልጆቼ ሽንኩርት ነው አልኳቸው።

ወለሉን አሁን በሲሚንቶ እያስመታሁ ነው። አደምም ሰሞኑን ጠጠር አስራግፏል። ለመጀመር ያፈረ ሰው ሌላው ሲጀምር ሲያይ ይነሣል፤ ቀሪዎቹም ይነሣሉ ብዬ አስባለሁ። ጉድጓዱ ግን ዛሬ ብንተወው ነገ አይጠራም። ሩሃማን ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እናንተ ከላይ መልቀቅ ካቆማችሁ፣ ተጠርጎ ታክሞ፣ ከዚያ ደጋግመን እየመረመርን እናያለን» አለች። እናያለን የሚለውን ቃል እንዴት እንደጠገብኩት።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። እንደሚያውቁት የእኔ ቤት ለጉድጓዱ ቅርብ ስለሆነ፣ ለሚቀዳ ሰው ንገሪ ተብዬ ነበር። በሩሃማ ስብሰባ ማግስት ጠዋት ተረፈች ጀሪካናቸውን በገመድ አዝለው መጡ። ጂጂ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ቀናት መሆኗ ነው።

«እትዬ ተረፈች» አልኳቸው፤ «ለልብስ ከሆነ ይቅዱ። ለመጠጥ ግን አይሆንም።»

«ማነው የሚከለክለኝ?»

«መከልከል አይደለም። ለጂጂ ብዬ ነው። ከእኔ ቤት የፈላ አለ፤ ልስጥዎት።»

«ላኪ፣ አይሆንም» አሉኝ። «ይህን ጉድጓድ ያንቺ አባት አልቆፈረውም። ኦቦ ባጫ ለአላፊ አግዳሚው አልከለከሉም፤ አንቺ ለእኔ ትከለክያለሽ? መጀመሪያ መሬቱ፣ አሁን ደግሞ ውኃው።» መቅጃዋን ጣሉ፣ ሳቡ፣ ሞሉ።  ሲሄዱ ዘወር ብለው «ኦቦ ባጫ ለጠረጋው ይመጡ የለ? እሳቸው አልጠጣም ካሉ እኔም አልጠጣም። እሳቸው ከጠጡ ግን፣ ያንቺን የምርመራ ወረቀት ቀቅለሽ ጠጪው» አሉኝ።

ቀኑ ሳይመሽ ሰናይት ውኃ ከለከለች ተብሎ ተወራ። እናንተ አገር ሌባ መባል ከዚህ ይሻላል። ገበያ ስወጣ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ጠፋ። እሱስ ይሁን፤ ሰው ቢያኮርፍ ይታረቃል። የማይሆንልኝ ጂጂ ናት። አጥር ላይ ሆኜ አያቷ ከዚያ ውኃ በቆርቆሮ ስኒ ሲያጠጧት አያለሁ፤ ምንም ማድረግ አልችልም። አንገቷ ቀጥኗል። ሩሃማም ሁለተኛ ከያዛት ትቸገራለች ብላናለች።

ተረፈችን ግን አልቀየምኳቸውም። እሳቸው ብቻም አይደሉም፤ የእርስዎ ዘመዶች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው። ኦቦ ባጫ ይምጡ። እሳቸው ይቅመሱ።

እና እሑድ ይመጣሉ። እንደ ወትሮው ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ጉድጓዱ ይጠረጋል፤ ዘመዶችዎ ገመዱን አዘጋጅተዋል፣ አጥሩን አድሰዋል፣ ሣሩን ሳይቀር አስበውበታል። ወንዶቹ ደለሉን ያወጣሉ፣ አዲሱ ውኃ እስኪጠራ ይጠበቃል፣ እርስዎ እርጥብ ሣር በእጅዎ ይዘው ይመርቃሉ፣ ከዚያ መቅጃዋን ተቀብለው ይጠጣሉ። እርስዎ ሳይቀምሱ ማንም አይቀምስም። ከቀመሱ በኋላ ደግሞ አልቀምስም የሚል የለም። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ሲጠጣ፣ ሕፃን ሁሉ ሲጠጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔም ተሰልፌ ጠጥቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፌኔትዬ፣ ይህን ነው እንዳትዘዪው ያልኩሽ። በክረምቱ ደውለሽልኝ «አባዬ ሆዳቸውን ያማቸዋል። የተፍኪ ውኃ አልተስማማቸውም መሰለኝ። እባክሽ የራሳቸውን ውኃ ጨምሪላቸው» ብለሽኝ ነበር። ጨመርኩ። አንድ የነበረው ጀሪካን ሁለት ሆነ። ከድሩ ወንበር ሥር አይገባም ሲለኝ ለምኜ፣ ከፊት ከእግሩ ሥር አስቀምጥልኝ ብዬ ነው የምልከው። ለታመመ አባት መድኃኒት የምልክ መስሎኝ ነበር፣ ኦቦ ባጫ። ወረቀቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ጂጂን አይደለም፤ እርስዎን ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጉድጓዱ አልቀዳሁልዎትም። እንዳልነግርዎ ደግሞ ፈራሁ። የፈራሁት ቁጣዎን አይደለም፤ ሲያዝኑ ማየቱን ነው።

ስለዚህ እባክዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። «ስጠጣ የኖርኩት የተበከለ የጉድጓድ ውኃ ነው» ብለው ለሐኪሙ ይንገሩት። ውኃዬን በአደባባይ አላዋርድም ብለው እንዳይደብቁት። ውኃው አላዋረደዎትም፤ ያዋረድነው እኛ ነን።

አሁን ልመናዬን ልናገር። እሑድ አይቅሩ አልልም። ቢቀሩ ሌላ ሽማግሌ ቀምሶ ያስቀምሳል፤ ይህም ካልሆነ ሰናይት ከለከለቻቸው ይባላል። ይምጡ። ሣሩንም ይያዙ፣ ይመርቁም፤ ጉድጓዱ ታሟል እንጂ አልሞተም፣ ምርቃት ለታመመም ይገባል። ደለሉ ይውጣ። ከዚያ ግን መቅጃዋን ሲያቀብሉዎት አይጠጡ። እጅዎን አንሥተው እንዳለ ያፍስሱት፤ አጠገብዎ እሆናለሁ። የፈላ ውኃ በማሰሮ ይዤ እመጣለሁ፤ ብርጭቆም ከቤቴ አመጣለሁ። እኔ እቀዳልዎታለሁ። ልማዱ መጀመሪያ ኦቦ ባጫ ይቅመሱ ይላል እንጂ ከየትኛው ውኃ እንደሆነ አይልም።

ምን ብለው እንደሚናገሩ አላስተምርዎትም። ጉድጓድ ሲከፈት የሚባለውን ያውቃሉ፤ ለጊዜው ሲዘጋ የሚባል ነገር መኖሩን ግን እኔ አላውቅም። ከሌለ ከእርስዎ ይጀምር። ስለ እኛም የሚሉትን ይበሉ። ከላይ ያሉት ሰዎች አበላሹት ቢሉ እውነት ነው፤ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አደምም ይሰማል፤ እሱን እኔ አስቆመዋለሁ።

የፈላው ውኃ እንደሚያውቁት ጣዕም የለውም። ምላስዎ የማን ውኃ ነው እንዳለ እሑድም ይላል። እኔም እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ ስጠጣው ቅር እያለኝ ነው። ግን እባክዎ ፊትዎን ሳይቋጥሩ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እስከ ታች ይጠጡልኝ። ተረፈች ከፊት ቆመው ያዩዎታል። ጂጂ ጀርባቸው ላይ ናት። ብርጭቆው ሲመለስልኝ አጥቤው ለእሷ እቀዳላታለሁ።

አክባሪዎ
ሰናይት
ከጉድጓዱ በላይ፣ ሁለተኛው ግቢ